የደበላ የግራ ጎን

ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ጠዋት 2 ሰ.

ውሃው ፈልቷል። መቀስና መርፌ ገብተዋል። ፋሻውን አጥቤ ገመድ ላይ ሰቀልኩት፤ የአዳማ ነፋስ መጥቶ አቧራ አለበሰው። እንደገና ማጠብ። ነፋስ መሳደብ ኃጢአት ከሆነ ዛሬ ኃጢአተኛ ነኝ።

ፈረንጁ ሐኪም ሙሴ ፖል የሚመጣው ሐሙስ ነው። ሁልጊዜ ሐሙስ። ከአዋሽ በባቡር ይመጣል፣ ጣቢያው አጠገብ በተከራያት በዚህች ክፍል በሽተኛ ያያል፣ ያድራል፣ ይሄዳል። የቀሩትን ቀኖች ቁስሉም ቁልፉም ስድቡም የእኔ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ አስተረጉማለሁ። በሽተኛው የሚለውን በፈረንሳይኛ፣ ሐኪሙ የሚለውን በአማርኛ። ሐረር የካቶሊክ ደናግሉ ቤት ስማር ቋንቋው ለጸሎት ነበር፤ አሁን ስለ ተቅማጥ አወራበታለሁ።

ደበላ ቁርሱን ትቶ ወጣ። ይህን ጻፊልኝ ደብተሬ፣ ባሌ ምግብ ትቶ አያውቅም። የጣቢያው ስልከኛ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቡፌውን ነጭ ዳቦና የቆርቆሮ ሥጋ እንደ ሹም ይበላል። የእኔ ሽሮ ትዝ የምትለው በጾም ብቻ ነው። ዛሬ ዳቦው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ከበሩ ሲወጣ ወደ ግራ ጎበጥ ብሎ ሆዱን በክርኑ ደገፍ አደረገው። ምነው? አልኩት። ምንም። የት ላይ ነው? ምንም አልኩሽ እኮ።

ምንም! ይህን ቃል ከአማርኛ ላይ በቢላ መፋቅ ብችል።

ማክሰኞ፣ ጥር 20፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ከስልክ ቤቱ ራሱ ተነሥቶ መጣ። አልጋ ላይ ነው። በቀን! ቴርሞሜትሩን ከክፍሉ አምጥቼ ብብቱ ሥር አደረግሁ፤ 38 ከግማሽ። አሳየኝ አልኩት። ከእምብርቱ ዝቅ ብሎ፣ በግራ፣ ከዳሌው አጥንት አጠገብ። አንድ ቦታ። በጣቴ ስነካው ጥርሱን ነከሰ፣ ወዲያው ሳቀ። ለማን ነው የሚስቀው? ቤቱ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ።

ታላቅ ወንድሙ ገመዳ መጣ። ፊት ለፊት ኦቦ ገመዳ፣ እርስዎ፣ እያልኩ እሽቆጠቆጣለሁ፤ እዚህ ግን ገመዳ ይበቃዋል። ከከተማው ዳር ጤፍ ያርሳል። አባታቸው የሞተ ጊዜ ደበላ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር አሉ፤ ያሳደገው ገመዳ ነው። ስለዚህ ደበላ እሱ ፊት ዛሬም እንደዚያው ልጅ ነው፤ ቁጭ በል ሲለው ይቀመጣል።

ገመዳ ገና ከደጅ ሆኖ በሽታውን አወቀው። ኮሶ ነው። ሁለት ወር አልፎታል፣ ሳይጠጣ ቆየ፣ ትሉ ተነሣበት፣ በቃ። ለገመዳ ራስ ምታትም ኮሶ ነው፣ ክፉ ሕልምም ኮሶ ነው። ነገ ጠዋት በባዶ ሆዱ ይጠጣ አለ።

አይሆንም አልኩ። ሐሙስ ሐኪሙ ይየው። ገመዳ ቀና ብሎ አየኝ። አንቺ ማን ነሽ አላለም፤ ዓይኑ ብሎታል።

አንቺ ግን ለምን አይሆንም እንዳልኩ ማወቅ አለብሽ። አምና የቡፌው ግሪክ ታሞ ነበር። ያው ቦታ፣ ያው ግራ፣ ያው ትኩሳት። ሙሴ ፖል እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። አልጋ አለ። ውሃ ብቻ አለ። የሚያስቀምጥ መድኃኒት ክልክል አለ። ሰውየው ሲሻለው አዲስ አበባ ሄዶ ራጅ ተነሣ፤ ሙሴ ፖል ፊልሙን ይዞ መጥቶ በመስኮቱ ብርሃን አሳየኝ። ኖራ የመሰለ ፈሳሽ በታች በኩል ሞልተውበት ትልቁ አንጀት ነጭ ሆኖ ይታያል። በግራ በኩል፣ ከአንጀቱ ጎን ላይ፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ትንንሽ ከረጢቶች ተንጠልጥለዋል። እነዚህ ሲቆጡ ነው የሚያሙት አለኝ። ያን ጊዜ አንጀቱን የሚያጣድፍ ነገር ብትሰጪው ከረጢቱ ይፈነዳል፣ ቆሻሻው ሆድ ውስጥ ይፈሳል፣ ሰውየው ያልቃል። ሌላ ቀን ከትእዛዝ በቀር የማያናግረኝ ሰው ያን ቀን አስተማረኝ። አልረሳሁም።

ኮሶ ደግሞ ሥራው ማጣደፍ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 21፣ ጠዋት

ትኩሳቱ ያው። ገብስ አጥልዬ ውሃውን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ ሥራ ልሂድ ብሎ ተነሣ፣ ሁለት ጊዜ ጮኽኩበት። ጎረቤት ሰማ። ይስማ።

ሐሙስ፣ ጥር 22፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ብዕሩን ስጫነው ወረቀቱን ቀደደው። ንዴት ነው።

ሰልፉ እስከ ሐዲዱ ነበር። ደበላን ቀድሜ ላስገባው ብል ተራዬን እጠብቃለሁ አለ። ጢሙን ተላጭቷል! የጣቢያውን ኮት ለብሷል፣ ቁልፉን ሁሉ ቆልፏል። በትኩሳት እየነደደ ጢሙን የሚላጭ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ገመዳ አጠገቡ ቆሟል። ሊደግፈው ክንዱን ሲሰጠው አልያዘውም።

ሙሴ ፖል ከወረቀቱ ቀና ሳይል እንዴት እንደ ሆነ ጠይቂው አለኝ። ጠየቅሁት። ደበላ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ትንሽ ጎኔን ነው።»

እኔም ተረጎምኩ። ደህና ነኝ ይላል። ትንሽ ጎኔን ይላል።

ሙሴ ፖል ጻፈ። ከዚያ በሦስት ጣት ጫን፣ ጫን፣ ጫን። ያማል? ጠየቅሁት። ተመስገን አለ። ፊቱ ድንጋይ። ወንድሙ እያየው፣ ፈረንጅ እያየው፣ ግማሽ አዳማ በመስኮቱ እያየው እንዴት ብሎ ያማል ይበል? እዚህ አገር ሰው እንዴት ነህ ሲባል የሚመልሰው አንድ ነው። እየሞተም ተመስገን ይላል። ሙሴ ፖል ይህን ሁሉ ዓመት ኖሮ ይህን እንዴት አያውቅም? እኔስ እያወቅሁ?

ቀላል ነው አለ ሙሴ ፖል። ትልና ነፋስ። የጉሎ ዘይት፣ የሚያስቀምጠውን፣ ዛሬ ማታ አንድ ትልቅ ማንኪያ፣ ነገ አንድ። ይህን ለእነ ደበላ አልተረጎምኩትም።

ያን ጊዜ ከአስተርጓሚነቴ ወጣሁ። በግራ ነው እኮ አልኩት። ትኩሳት አለው፣ ራሴ ለክቻለሁ፣ ልክ እንደ ግሪኩ ነው። ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አይደለም፣ ልጅ ትልቅ ነገር ስትናገር የሚሳቅ ሳቅ ነው። ያ በሽታ የእናንተ አይደለም አለ። በአገሩ በወፈሩና በሸመገሉ ነጋዴዎች አይቶታል፤ በሐበሻ ሆድ አንድም ቀን አላየም። የእናንተ ሆድ ትል ነው የሚያውቀው። አይተኸው ታውቃለህ ወይ አልኩት፣ የአንዱን ሐበሻ ሆድ በራጅ አይተህ ታውቃለህ? ባሌ ግሪኩ ከሚበላበት ቡፌ ያንኑ ዳቦ ዘጠኝ ዓመት በልቷል አልኩት።

የሚቀጥለውን አስገቢ አለ።

ግሪኩ አንጀት አለው። ባሌ ትል ብቻ ነው ያለው።

ያው ቀን፣ 12 ሰ.

የጉሎ ዘይቱ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ነው። አየዋለሁ፣ ያየኛል። እኔ ማን ነኝ? ፋሻ አጣቢ። እሱ ፓሪስ ተምሮ የመጣ ሐኪም። ቢሆንስ ትል? ባልሰጠው ብገድለውስ?

በጓሮ ወስጄ ደፋሁት። መሬቱ ጠጣው።

ገመዳ መጣ፤ ሐኪሙ ምን መድኃኒት ሰጠ? እውነቱን ብናገር ወንድሜን መድኃኒት ከለከልሽው ብሎ አገር ይሰበስብብኛል። ምንም አልሰጠም አልኩት። ዕረፍትና ውሃ ብቻ ነው ያዘዘ። ቀላል መጣልኝ ውሸቱ። ገመዳ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ። ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። እንዲያውም ኮራሁ።

ዓርብ፣ ጥር 23፣ ጠዋት 3 ሰ.

37 ከግማሽ!! ተኝቶ አደረ። ዛሬ በግራው በኩል ስነካው እጄን ያዘና ቀስ በይ፣ ያማል አለኝ። ያማል አለ! ከተጋባን የመጀመሪያው ነው። አለቀስኩ፣ ተናደድኩም፣ ሁለቱንም አንድ ላይ። ገና ሐሙስ ብትለው ምን ነበረበት?

ውሃና ዕረፍት ይሠራል ማለት ነው። ከረጢቱ እየበረደ ነው። ግሪኩን ሳምንት ነበር የፈጀበት። ሳምንት እጠብቀዋለሁ፤ እንደ ዘበኛ በሩ ላይ እቀመጣለሁ።

ነገ ጠዋት ግን የአንድ የሐዲድ ሠራተኛ የእግሩን ፋሻ መለወጥ አለብኝ። አንድ ሰዓት ብቻ። ሄጄ መምጣት ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 24፣ ከቀኑ 6 ሰ.

ስልክ ቤት ነኝ፣ የደበላ ወንበር ላይ። ተተኪው ልጅ አዋሽን እየጠራልኝ ነው። አልተገናኘም። እየጻፍኩ ካልጠበቅሁ አንድ ነገር እሰብራለሁ።

ኮሶ ሰጠው።

የሠራተኛውን ፋሻ ለውጬ ተመለስኩ። ገመዳ በሩ ላይ በርጩማ አድርጎ ተቀምጧል። አትግቢ አለኝ፤ ኮሶ የጠጣ ሰው አይጠየቅም። በገዛ ቤቴ! ጎህ ሳይቀድ አበባውን ወቅጦ በጥብጦ ይዞ መጥቶ፣ እኔ እስክወጣ ጓሮ ቆሞ ጠብቋል። ደበላም ጠጥቷል። አንድ ዋንጫ ሙሉ። ወንድሙ ጠጣ ሲለው ምን ይበል?

ምን አደረጉ አልኩት፣ ምን አደረጉ ኦቦ ገመዳ! ጮኽኩ። እሱ ደግሞ ግራ ገብቶት አየኝ፤ አልተቆጣም፣ ግራ ገብቶት ነው። «ሐኪሙ መድኃኒት የለውም አልሽ እኮ። ሐኪም መድኃኒት ከሌለው ወንድሜን ዝም ብዬ ላየው ነው እንዴ፣ ኢንታላ?»

ልጄ ነው ያለኝ በኦሮምኛ። በደግ ቃል። አልፌው ገባሁ።

የሐኪሙ መድኃኒት ያው የሚያስቀምጥ ነገር ነው፣ ያው ይገድላል፣ እሱን ደብቄ ነው ብዬው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ይጠይቀኝ ነበር። ቢያንስ እንጣላ ነበር፣ ሽማግሌ ይጠራ ነበር፣ ጊዜ ይገዛልኝ ነበር። እኔ ግን ብልጥ ሆንኩ። በሩን ራሴ ከፈትኩለት።

ሦስት ሰዓት ላይ ያጣድፈው ጀመር። አራት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ጮኸ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ደበላ! ከዚያ ዝም አለ፣ ተሻለኝ አለ፣ ገመዳም ይኸው ትሉ ወጣ አለ። እኔ ግን ላቡን አየሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። አሁን ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ተኝቷል፣ ቢሉት አይዘረጋም።

ተገናኘ። አዋሽ።

ያው ቀን፣ 8 ሰ.

ያልኩትን እጽፋለሁ፣ በኋላ አላልሽም እንዳልባል።

ደህና ነው ወይ አለ ሙሴ ፖል። ደበላ የሚለውን አትጠይቀኝ አልኩት፣ እኔ ያየሁትን ጠይቀኝ። ከዚያ ጠየቀኝ፣ አንድ በአንድ። ማሳል ይችላል? አይችልም፣ ሲሞክር ፊቱ ይጠቁራል። ስትጫኚው ነው ወይስ እጅሽን ስታነሺ የሚያመው? ሳነሣ። ሆዱ ለስላሳ ነው? ጣውላ ነው አልኩት፣ የበር ጣውላ። የደም ትርታው? ቆጥሬው ነው የመጣሁት፣ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ዘይቱን ሰጠሽው? አልሰጠሁም፣ ግን ኮሶ ጠጥቷል።

ከዚያ፣ ዘይቱን አለመስጠትሽ ደግ ነው አለ፤ ድምፁ ወርዷል። ዛሬ ነው ደግ የሆነው? አልኩት። በስልክ ስለሆነ ፊቱን አላየሁም። ባየው ደስ ይለኝ ነበር።

ነገ በባቡሩ ከአዋሽ እሳፈራለሁ፣ አዳማ ላይ ይዘሽው ጠብቂኝ አለ። ለአዲስ አበባው ሆስፒታል ዛሬውኑ ቴሌግራም እልካለሁ። አንድ ጠብታ ውሃ እንኳ በአፉ እንዳይገባ፤ ከንፈሩን ብቻ አርጥቢለት።

ነገ! ባቡሩ ዛሬ የለም። ሐዲዱ እዚያው ተዘርግቶ ይታየኛል፣ ባቡር የለበትም። ረግጬው ተመለስኩ፣ በእግሬ፣ ብረቱን። እግሬ ያመኛል።

እሑድ፣ ጥር 25፣ ከቀኑ 9 ሰ.፣ ባቡር ውስጥ

ቢሾፍቱን አልፈናል። ይንገጫገጫል፣ ጽሕፈቴ እንደ ዶሮ ጭረት ነው።

ደበላን ከነአልጋው ወደ ጣቢያው ያመጣው ገመዳ ነው። አራት ሰው ይያዝ ቢባል እምቢ አለ፤ ፊቱን ብቻውን እሱ፣ ኋላውን ሁለት ሰው። እንዳይነቃነቅበት መንገዱን ሙሉ እየተንበረከከ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ጉልበቱን ድንጋይ ልጦታል። ጣቢያ ሲደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። ልሰድበው ያዘጋጀሁት ሁሉ ነበር፤ ሌሊቱን ያጠራቀምኩት። አፌ ላይ ቀረ። እሱን ባየው ራሴን ነው የማየው። እሱም ለማዳን፣ እኔም ለማዳን።

እናታቸውን ከገጠር ይዤ በረቡዕ ባቡር እደርሳለሁ አለ። እኔ ሳልደርስ ምንም እንዳያደርጉት አለኝ። ደበላም ሰምቷል።

የጣቢያው ሹም ዕቃ ጫኙ ፉርጎ ውስጥ ድርቆሽ አስነጠፈልን። ደግ አደረገ፣ ይጻፍለት። ሙሴ ፖል ከአዋሽ መጥቶ ፉርጎው ውስጥ ገባ፣ ድርቆሽ ላይ ተንበረከከ፣ ኮቱ ቆሸሸ። ዛሬ በሦስት ጣት አልነበረም። ሙሉ መዳፉን አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ብዙ ቆየ። ልክ እንደ ግሪኩ። አሁን!

ከዚያ በሽታው የደረሰበትን ነገረኝ። ሦስት ደረጃ አለው አለ። መጀመሪያ የከረጢቱ ግድግዳ ያብጣል፣ ሌላ የለም፤ ያ አልጋና ውሃ ነው። ሁለተኛ መግል ይቋጥራል፣ ሆድ ዕቃ ግን ዙሪያውን ተሰብስቦ ያጥረዋል፤ ያ መጠበቅ ወይም ትንሽ መብጣት ነው። ሦስተኛ ይፈነዳል፣ አጥር የለም፣ ቆሻሻው ሆድ ሙሉ ይሄዳል። ያ የዚያኑ ቀን ኦፕራሲዮን ነው፣ አለዚያ ንስሐ አባት መጥራት። ሐሙስ አንደኛው ላይ ነበር፣ ዛሬ ሦስተኛው ይመስለኛል፤ እርግጡን የሚናገረው ራጁ ነው አለ።

ሐሙስ ለምን አልነገርከኝም? አልኩት። ለምን ዘይት አዘዝክ? ለምን ሳቅህ?

መነጽሩን አወለቀ። ስለሳቁ ይቅርታ እጠይቃለሁ አለ፤ የእናንተ ሆድ ሌላ ነው ብዬ አምኜ ነበር፣ ማንም ሳያሳየኝ ነው ያመንኩት። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ግን ሐሙስ ደህና ነኝ ይላል ያልሽኝ አንቺ ነሽ አለ። ትንሽ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

እውነት ነው። አፌ ነው ያለው። የሰማሁትን ብቻ ነው ያልኩት፣ ሥራዬ ነው፣ የባሌን ቃል አልጨመርኩም አልቀነስኩም። ሰው ፊት ሲቆም ደህና ነኝ እንደሚል ለፈረንጅ ማስረዳት የማን ሥራ ነው? የእኔ አይደለም? ቃሉን አሻገርኩ፣ ሰውየውን ወዲያ ማዶ ተውኩት።

ሙሴ ፖልን ልጠላው እፈልጋለሁ። ግማሹን ብቻ ነው የቻልኩት።

ደበላ ነቃ። እንዴት ነህ አልኩት፣ ለምጄ። ተመስገን አለ። አፉን በእጄ ያዝኩት።

ሰኞ፣ ጥር 26፣ አዲስ አበባ፣ ጠዋት 4 ሰ.

ትናንት ስንደርስ ራጁን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ሄዶ ነበር፣ ሞተሩ በጠዋት ነው የሚነሣ። አደርን። ዛሬ 2 ሰ. ላይ ወሰዱት።

ቆሞ መነሣት አለበት አሉ። ቆሞ! እኔ በአንድ ብብቱ፣ ሙሴ ፖል በሌላው። የሆስፒታሉ ትልቅ ሐኪም፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ጢማቸው ነጭ፣ ቆሞ ካልሆነ አየሩ ወደ ላይ አይወጣም፣ አይታይም ብለው አስረዱኝ። የዚያ የግሪኩ ነጭ ፈሳሽ ዛሬ አይሞላበትም፣ በተቀደደ አንጀት መርዝ ነው። ዝም ብሎ ማየት ነው። ጨለማ ክፍል፣ የሚጮኽ ሞተር፣ ቀዝቃዛ ሰሌዳ ደረቱ ላይ። ትንፋሽህን ያዝ በይው። አልኩት። ያዘ። መላ ሰውነቱ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ።

ፊልሙ ገና ውሃ ያንጠባጥባል። ሽማግሌው መብራት ላይ ያዙት። ይህ ጉበት ነው አሉኝ፣ ይህ ሳንባ፤ በመካከላቸው ይህች ጥቁር ቀጭን ማጭድ አለች፤ መኖር አልነበረባትም። አየር ነው። ከተቀደደው አንጀት አምልጦ ወጥቷል።

ሦስተኛው ነው።

አፍጥጬ አየሁት። ይህን ያህል ቀን ስለምነው፣ ስጮኽበት፣ ሳባብለው ያልነገረኝን ወረቀት ተናገረው። ኮት አልለበሰም፣ ጢሙን አልተላጨም፣ ማንንም አላፈረም። የባሌ ሆድ እንደ ማንም ሰው ሆድ ነው፣ ይኸው፣ ሙሴ ፖል ይመልከት። ተመለከተ።

ሽማግሌው አልዘገዩም። አሁን ይከፈታል፣ ይታጠባል፣ አንጀቱ ከተቀደደበት በላይ ተቆርጦ አፉ በሆዱ ቆዳ ላይ ይወጣል። ለወራት ሰገራው በጎኑ ነው የሚወጣለት፣ ምናልባትም ለዕድሜ ልክ። ለመዳኑ ዋስ አልሆንም አሉ፤ ካልተከፈተ ግን ረቡዕን አያይም። ያለ ፈቃዱ ቢላ አላነሣም፣ ጠይቂው፣ ቃሉን ንገሪኝ።

ገብቼ ነገርኩት። ሁሉንም። አንዱንም አልደበቅሁም። በጎኑ የሚለውን ስናገር ዓይኑን ጨፈነ።

አይሆንም አለ። ሰው ፊት እንደዚያ ሆኜ አልኖርም። ገመዳ ይምጣ፣ እናቴ ትምጣ፣ እነሱ ይምከሩ። ረቡዕ ሩቅ ነው ደበላ አልኩት። ይምጣ አለ። ለመንኩት። እግሩን ሳምኩት። ይምጣ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ልክ እንደ ወንድሙ።

ወጣሁ። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመዋል፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ ወደ ላይ ይዘውት፣ ውሃው እየወረደ። ሙሴ ፖል ከኋላቸው። አማርኛ አንዳቸውም አያውቁም።

ምን አለ? አሉኝ።

እሺ ይላል አልኳቸው።

ወሰዱት። ሌላ ፊልም የሚያነሡት መስሎት ነው የሄደው። በአጠገቤ ሲያልፍ ገመዳ መቼ ነው የሚደርሰው አለኝ። ረቡዕ አልኩት። በሩ ተዘጋ።

ይኸው እኔ አግዳሚው ላይ ነኝ። ንስሐ አልገባም፣ ለማንም አላለቅስም። ሲነቃ ምን እንዳልኩ ራሴ እነግረዋለሁ፣ ገመዳ ፊት፣ እናቱ ፊት። ይፍታኝ። ሽማግሌ ሰብስቦ፣ አዳማ ሙሉ ሰምቶ ይፍታኝ። በሕይወት ይኑርና ይፍታኝ።